ባዶ ዕቃ የሰበሰቡት ሽማግሌ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር አንድ ነገር ሳይሰበስብ አይኖርም። አንዱ ገንዘብ ያከማቻል፤ አንዱ መሬት በመሬት ላይ ይጨምራል፤ አንዱ መጽሐፍ ይገዛል፤ ምንም የሌለው እንኳ ቂምና ትዝታ ያጠራቅማል። ከሚሰበሰበው ሁሉ ይልቅ ለተመልካች እንግዳ የሚሆነው ግን ባዶ ዕቃ መሰብሰብ ነው። እህል የሌለበትን ጎተራ ቆጥሮ ደስ የሚለው ገበሬ የለም፤ ማር በሌለበት ቀፎም የሚመካ ንብ አርቢ አይገኝም። ነገር ግን ጠጅ የሌለበትን ብርሌ፥ ሽቱ የሌለበትን ብልቃጥ፥ ውሃ የሌለበትን ገንቦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየለቀሙ በመደርደሪያ ላይ የደረደሩ አንድ ሽማግሌ በአዲስ አበባ ከተማ ይኖራሉ። ነገራቸውም ለሰሚው ጥቂት ትምህርት ስለሚሰጥ እነሆ ይነገራል።

እኚህ ሽማግሌ በልጅነታቸው ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፥ ዳዊት ደግመው፥ ከግእዙም ጥቂት ቀምሰው ነበር። በኋላም ወደ አስኳላ ገብተው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ጸሐፊ ሆነው ሲያገለግሉ ኖረው፥ ዛሬ በጡረታ ይገኛሉ። በሥራቸው ጠንቃቃ፥ በንግግራቸው ቍጥብ፥ ከመሸታ የራቁ ሰው ስለሆኑ፥ ጠጅ የማይጠጣ ሰው ብርሌ ሲሰበስብ የሚያዩ ጎረቤቶቻቸው ይሥቁባቸው ነበር።

የነገሩ መጀመሪያ እንዲህ ነው። በ1982 ዓ.ም. እናታቸው ዐረፉ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ልጆቹ የእናታቸውን ቤት ሲያጸዱ፥ ታላቅ እኅታቸው በመንገድ የሚያልፈውን ቆራሌው ጠርታ ባዶውን ጠርሙስ፥ ዝገት የበላውን ቆርቆሮ፥ ክዳን የሌለውንም ማንቈርቈሪያ ሁሉ አንድ ላይ ሸጠችለት። በዚያ መካከል አንድ አሮጌ ብርሌ ነበረ። እናታቸው በዓመት በዓል ቀን ለአባታቸው ጠጅ የሚቀዱት በዚያ ብርሌ ብቻ ነበር፤ ከአባታቸው ሞት በኋላም በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በሣጥን ውስጥ አስቀምጠውት ኖሩ። ሰውዬው ይህን በሰሙ ጊዜ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወጥተው ሮጡ። ቆራሌውንም ከሁለት መንደር በኋላ ደረሱበት። እርሱም የሰውዬውን ትንፋሽ አይቶ ዋጋውን ዐወቀና፥ ለጠቅላላው ዕቃ ከከፈለው እጥፍ አድርጎ ብርሌውን ብቻ ሸጠላቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ «ቆራሌው!» የሚለው ጩኸት በሰፈር ሲሰማ፥ ሌላው ሰው የሚጣለውን ሊሰጥ ሲወጣ፥ እሳቸው ግን የተጣለውን ሊያነሡ ይወጡ ነበር።

በአገራችን መያዣ የሚሆን ዕቃ ስሙ ብዙ ነው። ከቀንድ ዋንጫ ይሠራል፤ ከቅል ቅምጫና፥ ከቆዳ ስልቻና አቅማዳ፥ ከሸክላም ጋንና እንስራ፥ ገንቦና ማሰሮ ይሠራል። ብልቃጥ የሚባለው ግን ሆዱ ትንሽ፥ አንገቱ ጠባብ ሆኖ፥ ጥቂት የሚበቃውን ውድ ነገር የሚይዘው ነው። ብርሌ የሚለውም ስም በግእዝ ቢረሌ ከሚባለው የወጣ ሲሆን፥ ቢረሌ ደግሞ ከጽርእ የመጣ የዕንቍ ስም ነው። ብርጭቆው እንደ ዕንቍ ስለሚያበራ የድንጋዩ ስም ለዕቃው ተሰጠ። ሽማግሌው ይህን የመሰለውን ነገር ሁሉ በሒሳብ ደብተር ላይ በቀይና በጥቍር ቀለም እየጻፉ፥ ዕቃዎቻቸውን በሦስት መደርደሪያ ከፍለው አስቀመጡ፤ አንደኛው የሸክላ፥ ሁለተኛው የብርጭቆ፥ ሦስተኛው የብር ነው።

በሸክላው መደርደሪያ ላይ በጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሩት ጥቍር ማሰሮ አለ። ሠሪዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች፥ ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ስለ ሄዱ፥ ማሰሮው ከሠሪው እጅ ይልቅ በአገሩ ብዙ ቆየ። ከእርሱ ጐን ያለው ስፍራ ግን ባዶ ነው፤ በዚያም አንድ ሥዕል ብቻ ተሰቅሏል። ሥዕሉ የቅዱስ ሚናስ ብልቃጥ ነው። ይህ በስንክሳር ኅዳር 15 ቀን የሚታሰበው ሰማዕት መቃብሩ ከእስክንድርያ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አቡ ሚና በሚባለው ስፍራ ነበረ። ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዘመን ድረስ ከየአገሩ የሚመጣው ተሳላሚ ከዚያ ለበረከት የሚወስደውን ውሃ ወይም ዘይት በትንሽ የሸክላ ብልቃጥ ይዞ ይመለስ ነበር። ብልቃጡ በሁለት ቅርጽ ማውጫ ታትሞ እንደ ሁለት ሳሕን የሚጋጠም፥ ሁለት ጆሮ ያለው ጠፍጣፋ ዕቃ ነው፤ በሆዱም ላይ ሰማዕቱ እጆቹን ዘርግቶ በሁለት ግመሎች መካከል ቆሞ ይታያል። እንዲህ ያለው ብልቃጥ እስከ እንግሊዝ አገር ድረስ ተገኝቷል። ስፍራውን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1905 እስከ 1907 ካርል ማሪያ ካውፍማን የተባለ የጀርመን ሊቅ ቆፈረው፤ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ለእርሻ በመጣው ውሃ ምክንያት የመሬቱ ውስጥ ውሃ ከፍ ብሎ መሠረቱን ስላራሰው በ2001 በአደጋ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ፤ በ2025ም ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ሽማግሌው ከእነዚህ ብልቃጦች አንዱን ለማግኘት ዕድሜያቸውን ሙሉ ይመኙ ነበር።

በብርጭቆው መደርደሪያ ላይ ከምናለሽ ተራ የለቀሙት የቀለምና የመድኃኒት ብልቃጥ፥ ልዩ ልዩ ብርሌም አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኢየሩሳሌምን ተሳልመው የተመለሱ አንዲት ዘመዳቸው ፈቃድ ካለው ነጋዴ ገዝተው ያመጡላቸው፥ ከጣት የማትበልጥ የሮማውያን ዘመን ብልቃጥ ናት። ብርጭቆን በእስትንፋስ ነፍቶ መሥራት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በሶርያና በፍልስጥኤም ባሕር ዳር የተገኘ ጥበብ ነው። ብልቃጧ በመሬት ውስጥ ብዙ ዘመን ስትቀበር እርጥበቱ ጨዋማውን ነገር ከብርጭቆው እየሳበ ስላወጣው፥ ገጽዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስስ በስሱ ተነባበረ፤ ብርሃንም በዚያ ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ኅብር ይሰጣል። ሰው የሚያደንቀው ይህ ውበት ሠሪው ያላሰበው፥ መበስበስ ያመጣው ውበት ነው። ቀድሞ ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለችውን ብልቃጥ የእንባ ማጠራቀሚያ ነበረች ይሉ ነበር፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ዘይትና ሽቱ እንደ ነበረባት አሳየ። ሰው ባዶ ዕቃ ሲያይ የራሱን ኀዘን ይሞላበታል።

በሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ከማርትሬዛ ብር ቀልጦ የተሠራ የኩል ብልቃጥ ከነመኳያው፥ ሌላም የብር ዕቃ አለ። ማርትሬዛ በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚል የፈረንጅ ዘመን የታተመበት፥ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ብር ስለሆነ፥ አንጥረኞቻችን ለጌጥ የሚያቀልጡት እርሱን ነበር። ሽማግሌው ስለ ብር ዕቃ ለሚጠይቃቸው ሁሉ የሞንዛን ታሪክ ይነግሩ ነበር። በኢጣልያ አገር በሞንዛ ከተማ ቤተ ክርስቲያን፥ በ600 ዓመት አካባቢ የነበረችው የሎምባርዶች ንግሥት ቴዎዶሊንዳ እንደ ሰጠቻቸው የሚነገርላቸው፥ ከቅድስት አገር ዘይት የመጣባቸው ትንንሽ ብልቃጦች አሉ። ብዙ ዘመን የብር ናቸው ሲባሉ ኖሩ፤ ሲመረመሩ ግን ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለባቸው ሆነው ተገኙ። «እንግዲህ ክብራቸው በብሩ አልነበረም» ይሉና ሽማግሌው ንግግራቸውን በዚህ ይጨርሱ ነበር። ቃላቸው መልካም ነበረ፤ በራሳቸው ላይ እንደሚመለስ ግን አላወቁም።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ደላላ በመሸ ጊዜ ወደ ቤታቸው መጥቶ ከጋቢው ሥር አንድ የብር ብልቃጥ አወጣ። ቁመቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ፥ አንገቱ ቀጭን፥ ክዳኑ በትንሽ ሰንሰለት የተያያዘ፥ በወገቡ ዙሪያ ሐረግ የተቀረጸበት ነበር። ከሐረጉ በታች በሞረድ የተፋቀ ስፍራ አለ። ከመቀመጫው አጠገብ ደግሞ አውራ ጣት የሚያህል ጐድጓዳ ነበረበት። ሽማግሌው ስለ ተፋቀው አልጠየቁም፤ ስለ ጐድጓዳው ግን ብዙ ተከራከሩ። «የተጨረመተ ዕቃ ነው፤ ይህ ዋጋውን ይጥለዋል» ብለው ከተጠራው ሲሶውን አስቀነሱና ገዙ።

በዚያች ሌሊት ቤተ ሰቡ ሲተኛ መብራቱን ወደ ጐን አድርገው ስስ ወረቀት አልብሰው በከሰል ቢያሹት፥ ሞረዱ ያልጨረሰው ፊደል በወረቀቱ ላይ ወጣ። ጽሕፈቱም ግእዝ ነበረ። በሰሜን ሸዋ ቆላ ያለ የአንድ ደብር ስም፥ ዕቃውን የሰጡት ሰው የክርስትና ስም፥ በመጨረሻም የሚሰርቀውና የሚፍቀው ሁሉ የተወገዘ እንዲሆን የሚናገር ቃል ነበረበት። እንግዲህ ብልቃጡ የሜሮን መያዣ ነው፤ ይኸውም ሕፃናት በሚጠመቁ ጊዜ የሚታተሙበት፥ በጳጳሳት እጅ የሚባረከው ቅባት ነው። ሽማግሌው ወረቀቱን አጣጥፈው በደብተራቸው ውስጥ ከተቱት፤ ብልቃጡንም የተፋቀው ወገን እንዳይታይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው በሦስተኛው መደርደሪያ መካከል አስቀመጡት። በደብተሩም ላይ፥ ለእያንዳንዱ ዕቃ የመጣበትን አገር ሲጽፉ የኖሩት ሰው፥ በዚህኛው አንጻር ምንም ሳይጽፉ ተዉት።

ሰው ኅሊናውን ለማስተኛት ምክንያት አያጣም። በመጀመሪያ «እኔ ባልገዛው ኖሮ ባሕር ተሻግሮ ይጠፋ ነበር» አሉ፤ ይህም በከፊል እውነት ነው። በሁለተኛ «ብመልሰው ዕቃ ቤቱ መዝጊያ የለውም፤ ዳግመኛ ይሰረቃል» አሉ። በሦስተኛም «ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ» አሉ። ሕጉንም ያውቁት ነበር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ሰው በግሉ ቅርስ እንዳይኖረው አይከለክልም፤ እንዲጠብቀውና እንዲያስመዘግበው ግን ያዛል። እሳቸውም ሌላውን ሁሉ ለማስመዝገብ አስበው፥ ይህን አንዱን ማሳየት ስለማይቻላቸው ሁሉንም ሳያስመዘግቡ ቀሩ። አንድ የተሸሸገ ዕቃ ያልተሸሸጉትን ሁሉ ይሸሽጋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ይህ ነው። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል፥ ከአንድ የቤልጂግ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ሲመለስ፥ ሽማግሌው በወዳጆቻቸው መካከል ቆመው «የሰረቀውስ ይሁን፤ ድኻ ይሆናል፤ የሚገዛው ባይኖር ግን ማን ይሰርቅ ነበር?» ብለው ነበር። ይህን ከተናገሩ በስምንት ዓመታቸው ብልቃጡን ገዙ። አሥራ አንድ ዓመትም በዚያ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. አንድ ወሬ ተሰማ። በኔዘርላንድ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ በቤቱ ውስጥ ያገኘውን፥ በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ 21 ዓመት ሸሽጎ ጠብቆ፥ ወደ አገሩ እንዲመለስ አደረገ። ሽማግሌው ይህን በሰሙበት ቀን ምሳቸውን አልበሉም። የልጅ ልጃቸው፥ ገና ሰባት ዓመት የሆናት ሕፃን፥ በመደርደሪያው ሥር ስትጫወት ቆይታ ቀና ብላ፥ «አባባ፥ ይህ ዕቃ ለምን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ?» አለች። ዝም አሏት። እርስዋም ቀጥላ፥ «ምን ነበረበት?» ብላ ጠየቀች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእንግዳ ሁሉ የእያንዳንዱን ዕቃ ታሪክ ሲተርኩ የኖሩት ሰው ለአንዲት ሕፃን የሚመልሱት አጡ። በዚያ ዕቃ የነበረው፥ እርስዋን የመሰሉ ሕፃናት የሚታተሙበት ቅባት ነበርና።

በዚያች ሌሊት ለብቻቸው ተቀምጠው የመጻሕፍቱን ብልቃጦች ያስቡ ጀመር። ሳኦል ከብልቃጥ በፈሰሰ ዘይት ነገሠ፤ መንግሥቱም እንደ ብልቃጥ ተሰበረ። ዳዊት ከቀንድ በፈሰሰ ዘይት ተቀባ፤ መንግሥቱም እንደ ቀንድ ጸና። የአልባስጥሮስ ብልቃጥ የያዘችው ሴት ደግሞ ከሦስት መቶ ዲናር በላይ ሊሸጥ የሚችለውን ሽቱ ብልቃጡን ሰብራ አፈሰሰችው፤ ያደረገችውም ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ይነገራል። ዕቃው ተሰበረ፤ መዓዛው ቀረ። «እኔ ግን ዕቃውን ይዤ መዓዛውን ለባለቤቶቹ ከለከልሁ» አሉ። ስለ ዘውዱም አስበው፥ «ያ ሰው የሸሸገው ለመመለስ ነው፤ እኔ የሸሸግሁት ለመያዝ ነው፤ ሁለታችንም ሸሸግን፤ ሥራችን ግን አንድ አይደለም» ብለው ለባለቤታቸው ነገሩ። ባለቤታቸውም፥ «ከገዙት ቀን ጀምሮ አውቄ ነበር፤ ያን ዕቃ ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩትም ነበርና» አሏቸው።

ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባላል። ለብርሌ መንቃት መሰንጠቅ ነው፥ ጥፋቱም ነው። ሰው ግን ካልነቃ ዕቃ አይሆንም፤ ጥቂት ሳይሰነጠቅም አይነቃም።

በነጋው ብልቃጡን፥ የከሰሉን ወረቀትና የሒሳብ ደብተሩን ይዘው ቅርስን ወደሚጠብቀው መሥሪያ ቤት፥ ከዚያም ወደ ሀገረ ስብከቱ ሄደው ሳይሸፋፍኑ ሁሉን ተናገሩ። ስለ ከፈሉት ገንዘብ አንዳች አልጠየቁም። በመጋቢት የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ስለ ገባ ነገሩ ዘገየ፤ በ2013 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ግን ከደብሩ ሦስት ሰዎች ዕቃቸውን ሊረከቡ መጡ። ከእነርሱም አንዱ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፥ ዐይናቸው የደከመ ቄስ ነበሩ። ብልቃጡ በቀረበላቸው ጊዜ የተፋቀውን ጽሕፈት አላዩም፤ ማየትም አይችሉም ነበር። በእጃቸው ዳሰሱት፤ ሐረጉንም አልፈው ወደ መቀመጫው ወረዱ፤ አውራ ጣታቸው በዚያ ጐድጓዳ ውስጥ ገጥሞ ቆመ።

«እኔ ነኝ የጣልሁት» አሉ። «ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነኝ ዲያቆን ሳለሁ ከእጄ አምልጦ በደረጃው ድንጋይ ላይ ወደቀ። መምህሬ አልገረፉኝም። ‹ይህ ምልክት ሆኖ ይኖራል፤ በያዝኸው ቍጥር እጅህን ታጠነክራለህ› አሉኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ዋጋ ያስቀነሱበት ጐድጓዳ ይህ ነበር። አንድ ሰው ስድሳ ዓመት እጁን ያጠነከረበትን ምልክት እሳቸው እንደ ጉድለት ቆጥረው በገንዘብ ተምነውታል። «አባቴ፥ ይፍቱኝ፤ ስሙን በገዛሁበት ሌሊት አንብቤው ነበር» አሉ። ቄሱም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄ፥ አሥራ አንድ ዓመት በሌላ ዕቃ ስናትም ኖረናል፤ ሕፃናቱ አልቀሩም፤ የደከምኸው አንተ ነህ። እግዚአብሔር ይፍታህ» አሏቸው።

ከርክክቡ በኋላ ሽማግሌው እንግዶቹን ለምነው ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ቀኑ ፍስክ ነበርና ምሳ ቀረበ። ሽማግሌው ወደ ሁለተኛው መደርደሪያ ሄዱና፥ ሠላሳ ዓመት ማንም ያልጠጣበትን፥ ከአቧራ በቀር ምንም ያልነካውን የእናታቸውን ብርሌ አውርደው ለባለቤታቸው ሰጡ። ባለቤታቸውም «ቢሰበርስ?» ብለው ጠየቁ። «ለዚህ ነው የተሠራው» አሉ።

ወይዘሮዋ ብርሌውን አጥበው ጠጅ ቀዱበት፤ እንደ አገሩም ልማድ ጥቂት በመዳፋቸው አንጠባጥበው ቀመሱና ለቄሱ ሰጡ። ቄሱም ባርከው፥ አንገቱን በሁለት ጣት ይዘው ጠጡ። እጃቸው ቢያረጅም አልተንቀጠቀጠም። ሕፃንዋ ከአያትዋ ጐን ቆማ ብርጫማው ጠጅ በብርሌው ሆድ ውስጥ ሲያበራ አየችና፥ «አባባ፥ ይህንስ ዐወቅሁት፤ ምን እንዳለበት ይታያል» አለች።

በሦስተኛው መደርደሪያ መካከል ያለው ስፍራ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ሽማግሌው የቀሩትን ዕቃዎች ሁሉ በሕግ አስመዝግበዋል፤ በዚያ ስፍራ ግን ሌላ ነገር አላስቀመጡም። የሚጠይቃቸው እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመው የሚያሳዩት እርሱን ነው፤ ታሪኩንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነግራሉ፤ በደብተራቸውም ባዶ በነበረው መሥመር ላይ የደብሩን ስም ጽፈው «ለባለቤቱ ተመለሰ» ብለው ዘግተዋል። ከሰበሰቡት ሁሉ ይልቅ የሰጡት ስፍራ እንደ ያዘ የሚመለከት ሁሉ ያያል።